ሁለት ልጆች ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉብን፤ ሾተላይ ነው ወይስ የዘር በሽታ?

ጥያቄው የመጣው ከመርሳ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉብን። ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ አለቀሱ፣ ጡት ያዙ። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ አሉ፣ አስመለሳቸው፣ ፈዘዙ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል የተነገረን ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ነው። ቤተሰብ ሾተላይ ነው ይላል፤ የሷ ደም ግን ኦ ፖዘቲቭ ነው። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሜታቦሊዝም በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በዘር የሚመጣ ነው አለኝ። ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፤ እንዴት የዘር ይሆናል? አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምን እናድርግ? ጥፋቱስ የማን ነው?»

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፈጣሪ ሁለታችሁንም ያጽናችሁ።

ዶክተር ብለህ ነው የጻፍክልኝ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ሥራዬ ክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ ነው፤ በተለይ በዘር የሚተላለፉ የሜታቦሊዝም ችግሮችን አጠናለሁ፤ ማለትም ሰውነት ምግብን ፈጭቶ መጠቀም የሚያቅተውን። ስለዚህ መድኃኒት አላዝልህም። ምን መመርመር እንዳለበት፣ መቼና እንዴት እንደሚመረመር ግን በደንብ እነግርሃለሁ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ የአክስትህ ልጅ ያለው ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ሕፃናት የተቀመጠ ደም ወይም ሽንት ከሌለ ግን አሁን ተነስቶ «እሱ ነው» የሚልህን ሰው አትመን። የጥፋቱን ጥያቄ ደግሞ ከወዲሁ ልዝጋው፤ የማንም አይደለም። ያንተም የሷም። ለምን እንደሆነ እታች እመጣበታለሁ።

ሾተላዩን በቶሎ እንለፈው። ሐኪም ቤት ሾተላይ የሚባለው እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ የሚመጣው ነው። የእናት ሰውነት የልጁን ቀይ የደም ሴል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ መከላከያ መርፌ አለ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። የባለቤትህ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ይሄኛው በር ተዘግቷል። የእናንተ ታሪክም አይመስለውም፤ የመጀመሪያውም ልጅ አላመለጠማ።

አሁን ወደ ኢንፌክሽኑ። ሐኪሞቹ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። በሀገራችን ጨቅላ ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት ኢንፌክሽን፣ ያለ ጊዜ መወለድና በወሊድ ጊዜ መታፈን ናቸው። ጡት እምቢ ያለ፣ የፈዘዘ ጨቅላ ሲመጣ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ መጀመር ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ይጀመርለት እላለሁ። ችግሩ መልሱ እዚያ ላይ ሲቆም ነው። ምክንያቱም ከእነዚህ የሜታቦሊዝም በሽታዎች አንዳንዶቹ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) ያወርዳሉ፤ ሲቢሲው፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራው፣ ሲታይ ቁርጥ ኢንፌክሽን ነው የሚመስለው። ጋላክቶሴሚያ የሚባለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሕፃኑን ለእውነተኛ ኢንፌክሽን ያጋልጠዋል፣ በተለይ ኢ ኮላይ ለሚባለው ባክቴሪያ። ስለዚህ «ኢንፌክሽን ነው» የተባላችሁት እውነት ሆኖ፣ ከሥሩ ሌላ ያልታየ ነገር ሊኖር ይችላል።

ከጻፍከው ውስጥ እኔን ቆም ያደረገኝ የቀኑ ነገር ነው። ደህና ተወለዱ። ጡት ያዙ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ወደቁ። ደግሞ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ። ኢንፌክሽንም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን ገደማ፣ በአንድ ቅደም ተከተል ሲሆን ግን የባዮኬሚስትሪ ሰው ጆሮው ይቆማል።

ለምን መሰለህ? ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ የሚያጸዳለት አለ። የራሱ ጉበት ማስወገድ ያቃተው ነገር በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ እናቱ ደም ይሄዳል፣ የእናቱ ጉበት ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ኪሎው ሙሉ፣ ለቅሶው ጠንካራ ሆኖ የሚወለደው። እትብቱ ሲቆረጥ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ወተት ይገባል፤ ወተት ውስጥ ፕሮቲን አለ፣ ስኳር አለ፣ ቅባት አለ። እነዚህን ደረጃ በደረጃ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ። አንዱ ከተፈጥሮው ከጎደለ መንገዱ እዚያ ላይ ይቆማል። የመርሳ ሰው ስለሆንክ መስኖ ታውቃለህ፦ ቦዩ መሀል ላይ ሲደፈን ከላይ ያለው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ ከታች ያለው ይደርቃል። እዚህም ከላይ የሚጠራቀመው ነገር አንጎልንና ጉበትን ይመርዛል፣ ከታች የሚያስፈልገው ደግሞ ይጠፋል። መጥለቅለቁ እስኪታይ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል።

እንዲህ ያሉ በሽታዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው ብርቅ ናቸው። በናንተ ታሪክ ግን ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጥሉት በጥቂት ምድብ ይጠቃለላሉ፣ ላብራቶሪ ላይም የየራሳቸው መልክ አላቸው።

አንደኛው አሞኒያ የሚጠራቀምበት ነው። ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ ጉበት ወደ ዩሪያ ቀይሮ በሽንት ማስወጣት አለበት፤ ኢንዛይም ከጎደለ አሞኒያው ደም ውስጥ ይከማቻል፣ አንጎል ያብጣል። አሞኒያ የትንፋሽ ማዕከልን ስለሚቀሰቅስ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያየው ሰው ሳምባ ምች ይለዋል። ሁለተኛው አሲድ የሚበዛበት ነው። እዚህ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ ሽንት ላይ ኬቶን (ሰውነት ቅባት ሲያቃጥል የሚወጣው) ይታያል። ይሄን አስምርበት፤ ጨቅላ ሕፃን ሽንቱ ላይ ብዙ ኬቶን ማሳየት የለበትም። ካሳየ ራሱ ምልክት ነው። ይሄን የሚያሳየው ሽንት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሳይቀር አለ! ሦስተኛው ቅባትን ማቃጠል ያቃተው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእናት ወተት ትንሽ ስለሆነ ሕፃኑ ይራባል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ኬቶን ግን መውጣት ሲገባው አይወጣም።

አራተኛው ያው ጋላክቶሴሚያ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቅ ማሽን ሳይኖር ለመጠርጠር የሚያስችል ሥራ ስላለ፣ ሲደረስበትም ልጁ ስለሚተርፍ።

የወተት ስኳር ሲፈጭ ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ጋላክቶስ ይሆናል። ጋላክቶሱን የሚቀይረው ኢንዛይም ከሌለ ሕፃኑ ያስመልሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጉበቱ ይወድቃል፣ ደም አልቆም ይላል፣ ዓይኑ ላይ ሞራ ይወጣል። አሁን ሽንቱን እንይ። ዛሬ ሁሉም ቦታ ያለው የሽንት ስትሪፕ የሚያየው ግሉኮስን ብቻ ነው፤ ጋላክቶስ ቢሞላበትም ስኳር የለም ይልሃል። ቤኔዲክት የሚባለው የድሮው የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ግን ስኳሩን በዓይነት አይመርጥም። አምስት ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ቤኔዲክት ቲዩብ ውስጥ ታደርጋለህ፣ ስምንት ጠብታ ሽንት ትጨምራለህ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ታቆመዋለህ። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ካለ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሲበዛ የሸክላ ቀለም ይሆናል፤ ታች ላይም ዝቃጭ ይቀመጣል። ስትሪፑ ኔጌቲቭ ሆኖ ቤኔዲክቱ የሸክላ ቀለም ከያዘ፣ ሕፃኑም ወተት እየጠባ ከሆነ፣ ጋላክቶሴሚያን ሳያስብ የሚያልፍ ሰው የለም። ማረጋገጫው የኢንዛይም ምርመራ ነው፤ ግን እሱ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ወተቱ በዚያው ሰዓት ይቆማል። ቤኔዲክት የሚሠራው ከኮፐር ሰልፌት፣ ከሶዲየም ሲትሬትና ከሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ የትኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ያዘጋጀዋል። ከየላብራቶሪው መደርደሪያ እየጠፋ መሄዱ ሁሌ ያናድደኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ሕፃኑ ወተት ካቆመና ግሉኮስ ላይ ከዋለ ካደረ ጋላክቶሱ ከሽንቱ ይጠፋል፤ ምርመራው ኔጌቲቭ ይመጣል፣ በሽታው ግን አለ። ስለዚህ ሽንቱ መያዝ ያለበት ገና እንደታመመ ነው። ይሄ ነገር ለሁሉም ምድቦች ይሠራል፤ ዛሬ ከምጽፍልህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይሄን ነው የምልህ። ናሙናው የሚናገረው ልጁ በታመመበት ሰዓት ሲወሰድ ነው። ከተሻለው በኋላ ወይም ሕክምና ከጀመረ በኋላ የተወሰደ ደም ብዙውን ይደብቃል።

አሞኒያ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ደም ተቀድቶ ሲቀመጥ ቲዩቡ ውስጥ አሞኒያ ራሱ እየተፈጠረ ይሄዳል። እጅ ታስሮ፣ ሕፃኑ እየታገለ፣ እየተጨመቀ የተወሰደ ደምም በውሸት ከፍ ይላል። ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ ደሙ ያለ ችግር ይፈሳል፣ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ቲዩብ ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ በ15 ቢበዛ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ የሚባለው አሽከርካሪ ማሽን ውስጥ ገብቶ ፕላዝማው (ፈሳሹ የደም ክፍል) ይለያል። አሁን ይሄን ወደ እናንተ አምጣው። መርሳ ላይ ተቀድቶ፣ ሚኒባስ ላይ ተጭኖ፣ ውጫሌን ወጥቶ ሐይቅን አልፎ ደሴ የደረሰ ደም ለአሞኒያ ምንም አይሠራም። ቁጥር ይወጣለት ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን የመንገዱ ነው። መሄድ ያለበት ደሙ ሳይሆን ሕፃኑ ነው። ከተቻለ ደግሞ ሕፃኑም ሳይሆን እናቱ፣ ከነሆዷ፣ ምጥ ሳይመጣ።

ስለ ቁጥሩ ካነሳሁ አይቀር፦ ጤነኛ ጨቅላ ላይ አሞኒያ እስከ 100 ማይክሮሞል በሊትር ገደማ ይታያል። በሌላ በሽታ በጣም የታመመ ከሆነ እስከ 180 አካባቢ ሊወጣ ይችላል። ከ200 ካለፈ ድንገተኛ ነው፤ ዩሪያ መሥራት ባቃታቸው ልጆች ላይ ከ500 በላይ፣ አንዳንዴም ከ1000 በላይ ይሄዳል። ምርመራው እኛ አካባቢ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ የምትወልድበት ቦታ ይሠራ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቅ። በታመመ ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

አሞኒያ ባይኖርስ? ያኔም እጅ አይታጠፍም። ስኳር፣ የሽንት ኬቶንና ኤሌክትሮላይት (የደም ጨዎች ልኬት) አብዛኛው ቦታ አሉ። ሶዲየም 138፣ ክሎራይድ 100፣ ባይካርቦኔት 10 ቢሆን፣ ከሶዲየሙ ሁለቱን ስትቀንስ 28 ይቀራል። ይሄ አኒዮን ጋፕ ይባላል። ከ16 በላይ ከሆነ ደሙ ውስጥ ስሙ ያልታወቀ አሲድ አለ ማለት ነው፤ ኬቶኑም ካለ ወደ ሁለተኛው ምድብ ያመለክታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ብዙ ቦታ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድ ብቻ ታትሞ ይወጣና ባይካርቦኔቱ ይቀራል፤ «ባይካርቦኔትስ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አሁን ደም ስለሚደርቅበት የምርመራ ወረቀት ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ጋትሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጨቅላ ተረከዝ የተወሰደ ጠብታ ደም ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመር እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ብዙ አገሮች እያንዳንዱን ልጅ እንዲህ ይመረምራሉ፤ በአንድ ማሽን ከጥቂት ጠብታ ብዙ በሽታ ይታያል። እኛ ጋ ይሄ አልተለመደም። ወረቀቱ ግን ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። በረዶ አይፈልግም። ጠብታው ክቡን ሞልቶ ወደ ኋላ መዝለቅ አለበት፣ አንዱ ላይ ሌላ አይደረብም። ከዚያ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው፣ ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ይደርቃል። ምድጃ አጠገብ አይሆንም፣ የመርሳ ፀሐይም አይሆንም። ሲደርቅ ፖስታ ውስጥ ይገባና ይላካል፤ አዲስ አበባም ይሁን ውጭ። ከዚያው ወረቀት ላይ ከዓመታት በኋላም ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?

ባለቤትህን ይዘህ ከአሁኑ ደሴ ካለ የሕፃናት ስፔሻሊስት ጋር ተቀመጥ። የሁለቱን ልጆች ታሪክ በቀን በቀን ጽፈህ ሂድ፦ ስንተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ፣ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ፣ ሽታው የተቃጠለ ስኳር ወይም የላበ እግር ይመስል ነበር ወይ። ሽታውን ቀልድ እንዳይመስልህ፤ የሁለት ዓይነት በሽታ የታወቀ ምልክት ነው። ሐኪሙ በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ «ሁለት ጨቅላ በመጀመሪያው ሳምንት ሞተዋል፣ የሜታቦሊዝም በሽታ ይጠርጠር» ብሎ እንዲጽፍ አድርግ። ይቺ አንድ መስመር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛ የሆነውን ሰው አካሄድ ትቀይራለች።

ወሊዱ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለው ሆስፒታል ይሁን። የወር መግቢያዋ ሲቃረብ ደሴ ዘመድ ጋር ትረፍ፤ ወሎ ውስጥ የሚያሳርፍ ዘመድ አይጠፋም። ልጁ እንደተወለደ ስኳሩ በየሰዓቱ ይታይ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይጥባ። ቅቤ ማላስ፣ አብሽ፣ የስኳር ውሃ አይሞከርም። ሳይታመምም ቢሆን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የወረቀቱ ደም ይወሰድ። ትንሽ ከፈዘዘ ደግሞ እንጠብቅ አይባልም፦ ስኳር፣ ኤሌክትሮላይት፣ አሞኒያ፣ ሽንት፣ ወረቀቱ ላይ ደም፤ የተረፈው ሽንትና ፕላዝማ ፍሪዘር ይግባ። ሐኪሞቹ በዚህ ጊዜ ወተቱን ለአንድ ሁለት ቀን አቁመው በደም ሥር 10 በመቶ ግሉኮስ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ፕሮቲኑ እንዲቆም፣ ሰውነቱም በረሃብ የራሱን ሥጋ እንዳይፈጭ።

እዚህ ጋ አደራ የምልህ ነገር አለ። ይሄን አንብበህ ቤት ውስጥ ጡት እንዳታስቆም። ግሉኮስ በደም ሥር ሳይገባለት ወተት የተከለከለ ጨቅላ በረሃብ ብቻ ይወድቃል፤ ሕመሙ ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ያው ጡት ነው። የማቆሙ ውሳኔ የሐኪም ነው።

ልጁ ይድናል ወይ ብለህ አልጠየቅክም፤ ግን ልትጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ። እንደ ዓይነቱ ነው። ጋላክቶሴሚያ ከሆነ የእናት ጡትን ጨምሮ የወተት ስኳር ይቆማል፣ ለሕፃናት በተዘጋጀ የአኩሪ አተር ወተት ያድጋል፤ በኋላ የትምህርትና የንግግር ችግር ሊኖር ቢችልም በሕይወት ይኖራል። በቪታሚን የሚስተካከሉም አሉ፦ ባዮቲን በአፍ፣ ቢ 12 በመርፌ። ከባዱ የአሞኒያው ዓይነት ነው፤ ፕሮቲን ተለክቶ መስጠት፣ ልዩ ወተት፣ ልዩ መድኃኒት ይፈልጋል፣ እነዚህን እዚህ ማግኘት ፈተና ነው። አልደብቅህም።

ወደ ዘሩ ልመለስ። አብዛኞቹ እነዚህ በሽታዎች የሚመጡት እናትም አባትም ከአንድ ጂን አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲይዙ ነው። እናንተ ሌላ ደህና ቅጂ ስላላችሁ ምንም አትሆኑም፤ ሳታውቁት ትኖራላችሁ። ልጁ ከሁለታችሁም የተበላሸውን ሲወስድ ብቻ ይታመማል። ይሄ ከአራት አንድ ዕድል ነው፣ በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ። ሁለት አልፈዋልና ሦስተኛው የግድ ደህና ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሁለት ሞተዋልና ሦስተኛውም ይሞታል ማለትም አይደለም። አብዛኛው ዕድል ጤነኛ ልጅ ነው። ሰባት ቤት መቁጠራችሁ ጥሩ አደረጋችሁ፣ ዕድሉን ይቀንሳል። ግን አንድ አካባቢ የኖሩ ሰዎች ከተቆጠረው በላይ ያለ አያት ሊጋሩ ይችላሉ፤ ጭራሽ ሳይዛመዱም ተሸካሚና ተሸካሚ ይገናኛል።

አንድ የተለየ አለ። ከአሞኒያ በሽታዎች በብዛት የሚታየው ኦቲሲ የሚባለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው የሚተላለፈው፤ ክፉኛ የሚመታው ወንዶችን ነው። ሁለቱም ልጆች ወንዶች ነበሩ? ከሷ በኩል በጨቅላነታቸው የሞቱ ወንድሞች ወይም አጎቶች አሉ? እንደዚያ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ያደላል። ያኔ ደግሞ «ከሷ ነው» የሚል ዘመድ ይነሳል። አታስደፍራት። ማንም የዘሩን ቅጂ መርጦ አልያዘም።

የእናንተን የሁለታችሁን ደም አሁኑኑ በጂን ምርመራ ማየትም ይቻላል። ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ይላካል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ ሁልጊዜም መልስ አይሰጥም። የአክስትህ ልጅ ማገዝ ከቻለ ገንዘቡን መጀመሪያ ለወሊዱ ዝግጅትና ለወረቀቱ ምርመራ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ቤተሰቡን በተመለከተ ጠብ አትፍጠር። ወዳጃው ይቀመጥ፣ ዱዓው ይደረግ፣ ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል። እ.ኤ.አ. በ1934 ኖርዌይ ውስጥ ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው ያላደገ አንዲት እናት ሐኪም ለሐኪም ስትዞር ኖራ በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሽንታቸው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ሲጨምር አረንጓዴ ሆነ፤ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው አእምሮን የሚጎዳ የሜታቦሊዝም በሽታ የተገኘው በዚያ ነው። ለሷ ልጆች አልደረሰላቸውም። ግን ዛሬ በተረከዝ ደም የሚፈለገው የመጀመሪያው በሽታ እሱ ነው። እና ሽማግሌዎቹ «ምን ያዞርሃል» ካሉህ ዝም ብለህ ዙር። አብሽር።

እስከዚያው ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የልጆቹ ጾታ፣ ቢጫ ሆነው ነበር ወይ፣ ከሆስፒታሉ የተሰጠ የላብራቶሪ ወረቀት ካለ ፎቶው። ስትልክ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍነው።